ጨረቃ በመካ፣ ሽፍት በማዘጋጃ ቤት

ኡሙሃኒ ዘንድሮ ኢድን አንዴ ብቻ ነው የምሠራው ብላ ወላሂ ያለችው ረቡዕ ለት ገና ሳይነጋ፣ ሱሑር ላይ፣ ባሏና ልጇ አንድ ሳህን ገንፎ መሃል አድርገው ሲነታረኩ ሰምታ ነው። ይፈረድባታል? አምና እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ባለችው ጠባብ ቤታቸው ሁለት ኢድ ነው የተከበረው። አንደኛው የባሏ የተማም ኢድ ነበር፤ መካ ጨረቃ ታየች ከተባለ ታየች፣ ሌላ ክርክር የለም፣ አበቃ። ሁለተኛው በማግስቱ የልጇ የፈዋዝ ኢድ፤ እሱ የሚኒሶታ ሰው የሚኒሶታን ሰማይ በገዛ ዓይኑ አይቶ ነው ጾሙን የሚፈታው ባይ ነው። አባት ሲበላ ልጅ ጾሞ ያያል፤ ልጅ ሲበላ ደግሞ አባት የትናንቱ ስላልወረደለት ሶፋ ላይ ተዘርሮ ያገሳል። ኡሙሃኒ ለሁለቱም ቀን ሳምቡሳ ጠቅልላ፣ ለሁለቱም ቀን ሩዝ ቀቅላ፣ ለሁለቱም ቀን እንግዳ ተቀብላ ስታበቃ በሦስተኛው ቀን ራሷን አስራ ተኛች። ሰው «ኢድ እንዴት ነበር?» ሲላት «የትኛው?» ነበር መልሷ።

«ወላሂ ዘንድሮ አንድ ኢድ፣ አንድ ድስት!» አለች ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ። «ተስማሙና ቀኑን ንገሩኝ። ያልተስማማ ማክዶናልድ አለለት።»

«ጉድ ላክ፣ ማም» አለች ልጇ ናዲራ፣ በፒጃማዋ ፍሪጁን ከፍታ ውሃ እየቀዳች። ይቺ ደግሞ ዘንድሮ ኮሌጅ የገባች ናት፤ በአማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

የዘንድሮው ጣጣ ግን ከጨረቃዋም የባሰ ነው። ፈዋዝ ከሪችፊልድ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይሠራል፣ ሁለት ቀን ያርፋል። ተራው ደግሞ ነገ፣ ሐሙስ ነው። ኢድ ዓርብ ከሆነ ቤቱ አለ፤ ሐሙስ ከሆነ ከእሳት አደጋ መኪናው ጋር ነው የሚውለው። ድሮ ቢሆን ለአንዱ ጓደኛው ደውሎ ሽፍት ትሬድ ያደርግና፣ ተራ ይለዋወጥና፣ ለገና ይመልስለት ነበር። ከሰመር ወዲህ ግን የሠራተኛ ማኅበራቸው፣ የዩኒየኑ፣ ኮንትራክት አልቆ አዲሱ ላይ መስማማት ስላቃታቸው፣ በዚያው ንትርክ መሃል የከተማው ማናጀር ትሬድ የሚፈልግ ሁሉ ከሁለት ሳምንት በፊት ያመልክት የሚል ትእዛዝ አወጣ። እስቲ አሁን በሞቴ፣ ጨረቃን ከሁለት ሳምንት በፊት ቀጠሮ የሚያሲዛት ማን ነው?

ይሄ አልበቃ ብሎ ደግሞ ዛሬ ስብሰባ አለ። የእሳት አደጋና የፖሊስ ሠራተኞች ዩኒየን አቋቁመው እንነጋገር ሲሉ፣ የትኛውም ከተማ የግድ አብሯቸው ቁጭ ብሎ እንዲደራደር የሚያዝ ሕግ ዋሽንግተን ላይ ቀርቧል። የትንሿ ከተማ ምክር ቤት ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሰብስቦ፣ «የሠራተኛችንን ጉዳይ ለእኛው ተዉልን፣ አትግቡብን» የሚል ደብዳቤ ለኮንግረስ ይላክ አይላክ ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ፈዋዝ ዩኒየኑን ወክሎ «አይላክ» ሊል ተመዝግቧል። የከተማውን ነጋዴ ወክሎ «ይላክ» የሚለው ማን ነው ቢሉ፣ እዚያው ከተማ ጎሚስታ ያለው የገዛ አባቱ፣ ተማም! ገንፎው ላይ የነበረው ጭቅጭቅ ይኸው ነው።

«አባ፣ እኛማ የስቴቱ ሕግ አለን» ይላል ፈዋዝ። «የዩኒየናችን ሊቀመንበር ጄሪ ወንድም አለው፤ እሱ ግን ወደ ደቡብ ባለ ስቴት ነው እሳት የሚያጠፋው። እዚያ ከንቲባው አላናግራችሁም ካለ አለቀ፣ አያናግራቸውም። ከላይ ሕግ ካልመጣ ማን ያስገድደዋል?»

«ዋሽንግተን ያለ ሰው የአንተ ስቴሽን በሩ በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል?» ይላል ተማም። «የሰፈርን ነገር ሰፈር ይፈታዋል። ከንቲባዋ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ።»

«የምትጠራህ ቶም እያለች ነው።»

«ይሁና! ዋሽንግተን ቶምም አይለኝ!»

ኡሙሃኒ ይሄን ጊዜ ነው ትዕግሥቷ ያለቀው። «ቆይ፣ ቆይ» አለች ሁለቱንም በየተራ እያየች። «አንተ ለጨረቃ ሲሆን መካ ድረስ ትሄዳለህ፣ ለሥራ ሲሆን ከማዘጋጃ ቤት አታልፍም። አንተ ደግሞ ለሥራ ዋሽንግተን ካልሄድኩ ትላለህ፣ ጨረቃ ላይ ስትደርስ ከሚኒሶታ ንቅንቅ አትልም። እናንተን አፍርሶ የሠራ ሰው አንድ ደህና ሰው ያወጣ ነበር!» ናዲራ የምትጠጣው ውሃ በአፍንጫዋ ወጣ። አባትና ልጅ አንገታቸውን ደፍተው አዛን ሳይል ገንፏቸውን ጨረሱ።

ረፋዱ ላይ ናዲራ እናቷን በአሮጌዋ ኮሮላ ይዛ ወደ ፍሮግታውን ሰፈር ነዳች። መንገዱ በረዶ ጋግሯል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ልጅቷ ደግሞ ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ትንሽ ካልጨፈረች አትቆምም። ኡሙሃኒ ቢስሚላህ እያለች ዳሽቦርዱን ጨብጣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ደረሱ። ሐላል ሥጋ የሚሸጠው ጎንፋ፣ ጅማ ያደገ ሰፊ ሰውዬ፣ ጢሙ ላይ አጥንት ፍርፋሪ ተሰክቶ ይቆራርጣል። ሱቁ በሰው ታፍኗል፤ የሁሉም ወሬ አንድ ነው፣ ነገ ነው ወይስ ዓርብ? ጅዳ ያለች የጎንፋ እህት አሁን ደውላ እዚያ መሽቶ ጨረቃ መታየቷ ተነግሯል፣ ኢድ ነገ ነው ብላዋለች። ግማሹ ሰው «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ግማሹ «እዚህ ገና ፀሐይ ወጥታ ሳታበቃ ምን ታየ ትሉናላችሁ» ብሎ አኮረፈ። ኡሙሃኒ በዚህ አልገባችም። እሷ የጠየቀችው የበጉ ሥጋ ፓውንዱ ለምን ሁለት ዶላር ከሰባ አምስት እንደገባ ነው።

«እናቴ፣ ኢድ ነዋ!» አለ ጎንፋ።

«ነው እንዴ? ገና ታየች አልታየች እያልክ ዋጋውን ቀድመህ አየኸው?»

ጎንፋ ሳቀና ከላይ ጎድን ጣል አደረገላት። «ለነገ ልቁረጥ ለዓርብ?» ሲላት «አላህ ያውቃል፤ ብቻ ለአንድ ቀን ነው» ብላ ሁለት ታፋ፣ አንድ ወርች ተሸክማ ወጣች። ታዲያ አፏ ይቀልድ እንጂ ሆዷ ሌላ ነው። ፈዋዝ እሳት አደጋ ከገባ ወዲህ አንድም ኢድ ሙሉ ቀኑን አብሯት ውሎ አያውቅም። አንዴ እሳት ተነሳ ብለው ጠሩት፣ አንዴ ትሬድ የተባባለው ሰው ታመመ፣ አምና ደግሞ የአባትና ልጅ እልህ አለ። የማለችበት ምክንያት ድስት ማማሰሉ ታክቷት ብቻ አይደለም፤ ባሏን፣ ልጇን፣ ልጅቷን አንድ ትሪ ላይ አንድ ቀን ማየት አምሯት ነው። ይሄንን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ለተማም የረሳውን ሹራብ ለመስጠት ጎሚስታው ጋ ጎራ አሉ። የተማም ጎሚስታ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥና አንዲት ሁለት ወንበር የያዘች ክፍል ናት፤ ግድግዳው በሙሉ ጎማ ነው፣ ሙቀቷ ከግሪስ ጋር ተቀላቅሎ ይቀበላል። ከንቲባዋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ ድዷ የሚታይ ሴት ናት፤ ሚስማር የወጋውን ጎማዋን እያስጠገነች ነው። ኡሙሃኒ ሰላምታ ሰጥታ ጥግ ቆመችና ጆሮዋን ጣል አደረገች። ሆቴል ላውንድሪ ዓመታት ሠርታለች፤ መናገሩ ይከብዳታል እንጂ እንግሊዝኛ አያመልጣትም። ተማም የነገውን ኢድ፣ የልጁን ሽፍት፣ የሁለት ሳምንቱን ትእዛዝ፣ ሁሉንም ጎማውን እየነፋ ተረከላት። ከንቲባዋም ብዙ አላሰበችም። «ለአንተ ስል ለማናጀሩ አንድ ቃል እነግረዋለሁ፣ ቶም። ልጅህ ነገ ኦፍ ነው፣ ሥራ አይገባም» አለችው። የጎማውን ሂሳብ ልክፈል ስትል ተማም እጇን ገፍቶ መለሰ።

መኪናዋ ከመውጣቷ ተማም እንደ ጎረምሳ ጨበጨበ። «አየሽ አይደል? እኔ ምን አልኩ? ይቺ ታውቀኛለች! ሕግም፣ ዋሽንግተንም፣ ዩኒየንም ሳያስፈልግ፣ በአንድ ጎማ!» ኡሙሃኒ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ባሏን ሰው ቢያይ ባያይ ሳትል ግንባሩን ሳመችው፣ ግሪሱ ከንፈሯ ላይ ቀረ። ወደ ቤት ሲሄዱ ሥጋው ላይ የሚገባውን ቅመም፣ የምታወጣውን የጠረጴዛ ልብስ፣ ፈዋዝ የሚቀመጥበትን ቦታ ሳይቀር በልቧ አሰናዳች። ናዲራ ግን ግንባሯን ቋጥራ ዝም ብላ ነዳች። ምነው ብትላት «ማም፣ ፈዋዝ ዎንት ላይክ ኢት» አለች፤ አይወደውም ማለቷ ነው። ልጅ አይደለች፣ ምን ታውቃለች ብላ ኡሙሃኒ አልሰማቻትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱም ማዘጋጃ ቤት ነበሩ። ኡሙሃኒ ስብሰባው መሃል መግሪብ ገብቶ ማፍጠሪያ እንደሚደርስ ስለምታውቅ አንድ ሳጥን ተምርና በፎጣ የጠቀለለችው ሳምቡሳ የሞላበት ትሪ ይዛ ነው የመጣችው። አዳራሹ ወፍራም ምንጣፍ፣ ባንዲራ፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ያለው ነው፤ ከንቲባዋ መሃል፣ አራቱ የምክር ቤት አባላት ግራና ቀኝ፣ ማናጀሩ ጫፍ ላይ ተሰይመዋል። ኋላ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተደርድረዋል። ተረኞቹ ሳይቀሩ መጥተዋል፤ ጥሪ ቢመጣ እንዲነሱ ትልቁን መኪና ውጭ አቁመውታል። ቀዩ ጢማም ጄሪ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ትከሻ ሰፊ ማይክ ነው፤ ትሬድ ተከልክሎ የልጁን የትምህርት ቤት ቴያትር ሳያይ የቀረው ባለፈው ሳምንት ነው። ማይክ የፈዋዝ የቅርብ ጓደኛ ነው፤ ኡሙሃኒ ቤት መጥቶ በእጁ በልቷል።

መጀመሪያ የተጠራው ተማም ነው። ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ፣ ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ ማይክሮፎኑን እንደ በግ ጆሮ ይዞ ጀመረ። የተማም እንግሊዝኛ ሰዋስው የለውም፣ ጉልበት ግን አለው። ሰው ወደደው። ሩቅ ያለ ጌታ ቅርብ ያለውን ሰው ችግር አያውቅም አለ፤ የምክር ቤቱ አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አይደል የሚባለው፣ ተማም ጭራሽ ሞቅ አለው። «ማስረጃ ልስጣችሁ!» አለ። «ልጄ ነገ በዓሉ ነው፣ ሥራ አለበት። ዛሬ ለከንቲባችን ነገርኳት፣ እሷም ኦፍ ሰጠችው። በቃ! ዋሽንግተን መደወል አስፈለገኝ?» ከፊት ያሉት ነጋዴዎች ሳቁ። ከኋላ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። ማይክ አንገቱን ቀስ ብሎ አዙሮ ፈዋዝን አየው። ከንቲባዋ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ማናጀሩ የሌለ ነገር የሚፈልግ ይመስል ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ኡሙሃኒ ወንበሯ ውስጥ ሰመጠች።

ፈዋዝ ይሄን ወሬ ገና መስማቱ ነው። ተነስቶ ማይክሮፎኑ ጋ ሲደርስ የያዘውን ንግግር አጥፎ ኪሱ ከተተ። «አባቴ ስለወደደኝ ነው የለመነው፤ ከንቲባዋም ደግ ስለሆነች ነው እሺ ያለችው። ሁለቱንም አመሰግናለሁ» አለ። «ግን አልቀበለውም። ነገ ሥራዬ ላይ ነኝ። ማይክ የጠየቀው ከእኔ ያነሰ ነገር አልነበረም፣ ተከለከለ። እኔ የተፈቀደልኝ አባቴ ጎማ ስለሚጠግን ነው። አባቱ ጎማ የማይጠግንለት ልጅስ? እኛ ስጦታ አልጠየቅንም፤ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩንና ለሁላችንም የሚሆን አንድ ደንብ ይውጣ ነው የምንለው። ዋሽንግተን ያለው ሕግም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ቁጭ በሉ። ይሄ ምኑ ነው የሚያስፈራው?» አባቱንም እናቱንም ሳያይ ወደ ቦታው ተመለሰ። ኡሙሃኒ ተናደደች። አዎ፣ ተናደደች! እናት ናት፤ የጠረጴዛ ልብስ ሳይቀር አሰናድታለች። «አንተ ልብህ ደንጊያ» አለችው በሆዷ። እዚያው በዚያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከልጇ አንደበት የወጣው እውነት መሆኑን ታውቃለችና። ማይክ የፈዋዝን ጀርባ በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ ተማም ጫማውን እያየ ቀረ።

በመስኮቱ በኩል ሰማዩ ሲቀላ ኡሙሃኒ ከነንዴቷ ተነሳች። ጾም አያኮርፍም። ለባሏ ሁለት ተምር፣ ለልጇ ሁለት ተምር፣ ለናዲራ ሁለት ተምር ሰጠች። ከዚያ ግን ቸገራት። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ እንዴት ለብቻ ይበላል? ነውር ነው! ፎጣውን ገልጣ ሳምቡሳውን ለእሳት አደጋዎቹ፣ ለነጋዴዎቹ አዞረች፤ ምክር ቤቱ እየተወያየ ሳለ ከፍ ወዳለው ጠረጴዛ ወጥታ ከንቲባዋ ፊት ሁለት፣ ማናጀሩ ፊት ሁለት አስቀመጠች። ማናጀሩ «ደንቡ አይፈቅድም» ሊል ሲል ሽታው አፍንጫው ገባና ዝም አለ። ከንቲባዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አሥር ደቂቃ ዕረፍት ብላ መዶሻዋን መታች።

አባትና ልጅ አንዳቸው ሌላቸውን ሳያናግሩ፣ ግን እኩል፣ ወደ ውጭ ተጣደፉ። ጨረቃዋን ሊፈልጉ ነው። የመኪና ማቆሚያው በረዶ ላይ ቆመው ወደ ምዕራብ ቢያንጋጥጡ ዛፍና ፎቅ ብቻ ነው። ማይክ ሳምቡሳውን እያኘከ ጠጋ አለ።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«አዲሲቷን ጨረቃ» አለ ፈዋዝ። «እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጭን ናት፤ ቶሎ ትጠልቃለች።»

«ታዲያ እዚህ ታች ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ ማይክ ወደ ትልቁ መኪና አመለከተ። ቅርጫት ያለው መሰላል ጀርባው ላይ ተጋድሟል። ማናጀሩ «ኢንሹራንሱ! ኢንሹራንሱ!» እያለ ደረሰ። ከንቲባዋ በአንድ እጇ ሳምቡሳ፣ በሌላው ኮቷን ይዛ ከኋላው መጣችና «ይሄንን እንኳ ዋሽንግተንን ሳንጠይቅ እንወስን፣ ይውጡ» አለች። ማይክ ቅርጫቱ ውስጥ አባትና ልጅን በቀበቶ አሥሮ ማሽኑን አንቀሳቀሰ። ተማም ከፍታ ሞቱ ነው፤ አምፑል ለመቀየር ወንበር ላይ ሲወጣ እንኳ ሰው ይይዘዋል። አሁን ግን በሃይማኖቱ ለጨረቃ ምስክር ሁለት ይሁን ተብሏልና፣ የልጁን ኮት አንገት በሁለት እጁ አንቆ፣ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ እየደረደረ ወደ ሰማይ ሄደ።

ኡሙሃኒ ከታች አንጋጣ ቆመች። አላህ ይቅር ይበላትና ልቧ የለመነው ደመና ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጨረቃዋ እዚህ ካልታየች የፈዋዝ ኢድ ዓርብ ይሆናል፣ ዓርብ ደግሞ ኦፍ ነው፣ የማንንም ውለታ ሳይቀበል ቤቱ ይውላል። ከታየች ግን ነገ ኢድ ነው፣ ነገ ሥራ ነው። ፈዋዝም ይሄን ያውቃል። እዚያ ላይ ካለው ብርድና ንፋስ መሃል «አልታየችኝም» ቢል ማን ይከራከረዋል? አባቱ እንደሆነ መነጽሩን አዳራሽ ጥሎ ነው የወጣው። ቅርጫቱ ከዛፎቹ በላይ ሆኖ ቆመ። ኡሙሃኒ እግሯ በረዶው ላይ እስኪደነዝዝ ጠበቀች።

«አየኋት!» አለ ፈዋዝ ከላይ። ድምፁ መኪና ማቆሚያውን ሞላው። «እማ! አየኋት! ከውሃ ታንከሩ በስተግራ!»

«የት? የት አባቷ?» ይላል ተማም። ልጁ ከኋላ ሆኖ የአባቱን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ሲያዞርለት ይታያል፣ ጣቱን ሲቀስርለት ይታያል። ከዚያ «አላሁ አክበር! እኔም አየኋት! ወላሂ አየኋት!» የሚል ጩኸት ከሰማይ ወረደ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አባትና ልጅ አንድ ነገር ተናገሩ፣ አንድ ጨረቃ አዩ፣ መካም ሚኒሶታም ገጠሙ። ኡሙሃኒ ሳታስበው እልል አለች። ልጇን ለነገ ማጣቷ ነው፣ እሷ ግን እልል ትላለች፤ ናዲራም ተከተለቻት። እሳት አደጋዎቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም አጨበጨቡ፣ አንዱ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ልጇ ዩኒፎርም የለበሰ ለት እንኳ ኡሙሃኒ እንዲህ አልኮራችም።

ስብሰባው ሲቀጥል ተማም ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ። ያልኩትን ላስተካክል አለ። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ግን ሦስት ደቂቃህ አልቋል፣ አንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው አለችው። ፈዋዝም ተነስቶ ነበር፤ የእሱም አልቋል። ተማም ማይክሮፎኑን እንደያዘ ዞሮ ሚስቱን አያት። በሕይወቷ በጉባኤ ፊት በአማርኛም ተናግራ አታውቅም። ቢሆንም ተነስታ ሄደች። ጸሐፊዋ ስምና አድራሻ ስትላት አንድ በአንድ ነገረቻት። ከዚያ ያላትን እንግሊዝኛ ሁሉ አጠራቀመች።

«እኔ የእሱ ሚስት ነኝ፣ የእሱ እናት ነኝ» አለች በጣቷ እያሳየች። «ነገ ኢዳችን ነው፣ ልጄ ሥራ ነው። ይሂድ። አላየሁም ማለት ይችል ነበር፣ አየሁ አለ። ዛሬ ኦፍ ስትሰጪው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ማይክም እናት አለው፤ የእሱም እናት ልጇን ትፈልጋለች። የእኔ ባልና የእኔ ልጅ በየቀኑ ይጣላሉ። ስለ ጨረቃ ይጣላሉ፣ ስለ ዋሽንግተን ይጣላሉ። ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጣሉት። ለምን? ተቀመጡ የምል እኔ አለሁ። ካልተቀመጡ አይበሉም።» ትንፋሿን ሳበች፣ ከንቲባዋን ዓይን ዓይኗን አየቻት። «እናንተን ተቀመጡ የሚላችሁ ማን ነው?»

ጄሪ ጢሙን ይዞ ወለሉን ያያል፤ ከነጋዴዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከንቲባዋ ለጥቂት ጊዜ መዶሻዋን በጣቷ ስታንከባልል ቆየችና ወደ ማናጀሩ ዞረች። «ሰኞ ጠዋት ጊዜ አለህ?» አለችው። ማናጀሩ የቀረችውን ሳምቡሳ ዋጥ አድርጎ ሰኞ ጠዋት ክፍት ነኝ አለ። «እኛ ከሰመር ጀምሮ ክፍት ነን» አለ ጄሪ ከኋላ፣ ሰውም ሳቀ። የትሬዱ ድርድር ሰኞ እንዲጀመር፣ ደብዳቤውም እስከዚያ እንዲቆይ ሦስት ለሁለት ወሰኑ። ለከርሞ ምን እንደሚያመጡ አይታወቅም፤ ፖለቲከኛ ናቸው፣ ዋስ የሚሆናቸው የለም። ለነገ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ የፈዋዝ ሽፍት ያው ነው።

ኡሙሃኒ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ተማም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «እኔ ጎማ ስነፋ ነው የኖርኩት፤ ቋንቋውስ አንቺ ጋ ነበር» አላት። «ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል» አለችው፣ ግን ክንዱን አልለቀቀችም። ፈዋዝ ከኋላ መጥቶ ጎንበስ አለና ትከሻዋን ሳማት፤ ነገ በማለዳ፣ ሶላተል ኢድ ሳይሰግድ ሥራ እንደሚገባ ሹክ አላት። አውቃለሁ አለችው። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ቀና አለች። ማይክ፣ ጄሪ፣ እነዚያ ሰማያዊ ሹራቦች ሁሉ በየተራ እየመጡ እጇን ሲጨብጧት፣ ልጇ ነገ ከጎኗ እንደማይኖር እያወቀች፣ ኡሙሃኒ አሜሪካን ከረገጠች ወዲህ እንደዚያች ምሽት ኢድ ኢድ ሸትቷት አያውቅም።